በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚነበቡ ምስጢራዊ ቁጥሮች፦ ምንነታቸውና አሠራራቸው

በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያ የሚፈልግ አድማጭ አንዳንድ ጊዜ ዜናም ሙዚቃም ያልሆነ ሥርጭት ያጋጥመዋል። አንድ ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ የሴት፣ ስሜት በሌለው አነጋገር ቁጥሮችን አምስት አምስት እያደረገ ያነባል። ጣቢያው ስሙንም ሆነ የሚገኝበትን አገር አይናገርም። ንባቡ ሲያበቃ ይዘጋል፤ በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት ይመለሳል። ሥርጭቶቹ በሬዲዮ አድማጮች ዘንድ «የቁጥር ጣቢያዎች» በመባል ይታወቃሉ።

በዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ መሠረት ማንኛውም ሥርጭት ማንነቱ ሊለይ የሚችል መሆን ይገባዋል። የቁጥር ጣቢያዎች ይህን ባለማክበራቸው ስለ እነርሱ በርካታ መላምቶች ሲነገሩ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ቢያንስ የአንዳንዶቹ ዓላማ በፍርድ ቤት በቀረበ ማስረጃ ተረጋግጧል፤ ይኸውም በውጭ አገር በድብቅ ለተሰማሩ ሰላዮች መመሪያ ማስተላለፍ ነው።

ከእነዚህ ጣቢያዎች መካከል በስፋት የታወቀው በአንድ የእንግሊዝ ባህላዊ ዜማ «ሊንከንሻየር ፖቸር» ተብሎ የተሰየመው ነው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አንሥቶ እስከ 2008 ድረስ ሥርጭቱን በዚህ ዜማ ይከፍት ነበር። በእያንዳንዱ ሥርጭት ባለ አምስት አኃዝ 200 የቁጥር ምድቦች፣ እያንዳንዱም ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ይነበባሉ። አማተር የሬዲዮ ባለሙያዎች የሥርጭቱን አቅጣጫ ተከታትለው መነሻው በቆጵሮስ ደሴት በሚገኘው የብሪታንያ አየር ኃይል ሰፈር፣ በአክሮቲሪ፣ መሆኑን ለይተዋል። የምድቦቹ ብዛት ሁልጊዜ 200 መሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። መልእክት ቢበዛም ባይበዛም የሥርጭቱ ርዝመት ስለማይለወጥ፣ ከውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ወገን የሥራው ፋታና ጥድፊያ የትኛው እንደሆነ ሊገምት አይችልም።

አጭር ሞገድ የተመረጠበት ምክንያት ከተፈጥሮ ባሕርዩ ይመነጫል። ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል የሚተላለፍ ሞገድ ወደ ሰማይ ሲላክ አዮኖስፌር ከተባለው የከባቢ አየር ክፍል ይደርሳል። በዚያ ያለው አየር በፀሐይ ጨረር ምክንያት የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ ቅንጣቶች ስለሚገኙበት ሞገዱን አጥፎ ወደ ምድር ይመልሰዋል። ሞገዱ በዚህ መንገድ ተራራና ውቅያኖስ አቋርጦ በሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል። የአማርኛ አድማጭ ለዚህ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው የዶይቼ ቬለ እና በ1982 የተጀመረው የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅቶች ለረጅም ዓመታት የደረሱት በዚሁ ሞገድ ነው፤ ሲመሽ ድምፁ እየራቀና እየቀረበ የሚሰማውም በአዮኖስፌር መለዋወጥ ምክንያት ነው።

ለስላላ ሥራ ዋናው ጥቅም ግን ከርቀቱ ይልቅ የአድማጩ መሰወር ነው። ስልክ የደወለ ወይም ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው በመሥመሩ ላይ መዝገብ ይተዋል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ግን ወደ ማንም የሚልከው ነገር የለም። አስተላላፊው ጣቢያ በአቅጣጫ ጠቋሚ አንቴና ሊገኝ ይችላል፤ ከሚሊዮን ቤቶች ውስጥ የትኛው ሥርጭቱን እንደከፈተ ግን ጣቢያው ራሱ እንኳ አያውቅም። መቀበያውም ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ ተራ ሬዲዮ በመሆኑ ቤት ውስጥ ቢገኝ ባለቤቱን አያስጠረጥርም።

ቁጥሮቹን ዓለም ሁሉ እየሰማቸው ምስጢር ሆነው የሚቆዩት «የአንድ ጊዜ ቁልፍ» በሚባል ዘዴ ነው። የዘዴው መሠረተ ሐሳብ በካሊፎርኒያ የባንክ ባለሙያ በነበረው በፍራንክ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1882 ለቴሌግራም አገልግሎት የታተመ ነው። አሠራሩ ቀላል ሲሆን ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃዋል። መልእክቱ አስቀድሞ ወደ ቁጥር ይለወጣል። ላኪውና ተቀባዩ ደግሞ በዘፈቀደ የተገኙ ቁጥሮች የታተሙበት ተመሳሳይ ደብተር ይኖራቸዋል። ላኪው የመልእክቱን አኃዝ ከደብተሩ አኃዝ ጋር አንድ በአንድ ይደምራል፤ ድምሩ ከ9 ሲበልጥ የአንድ ቤቱ አኃዝ ብቻ ይያዛል፣ አሥሩ ይጣላል።

ለምሳሌ መልእክቱ 47209፣ ቁልፉ 85163 ቢሆን፣ 4 ሲደመር 8 ከሚሰጠው 12 ላይ 2 ብቻ ይወሰዳል። ቀሪዎቹም እንዲሁ ሲሰሉ በሬዲዮ የሚነበበው 22362 ይሆናል። ተቀባዩ ከዚህ ላይ ቁልፉን በዚያው ሥርዓት ሲቀንስ 47209ን መልሶ ያገኛል። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ግን 19035 ነው ብሎ ቢገምት 13337 ያገኛል፤ ሌላ ቢገምት ሌላ ያገኛል። ከ00000 እስከ 99999 ያለው ማንኛውም መልእክት የየራሱ ቁልፍ ስላለው፣ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። ፈጣን ኮምፒዩተርም ቢሆን የሚያቀርብለት ሁሉንም መልሶች ነው፤ ይህም ምንም መልስ ካለማግኘት አይሻልም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት ዘዴው ፈጽሞ የማይፈታ መሆኑን በሒሳብ አረጋግጧል።

ማረጋገጫው ግን ጥብቅ ሁኔታዎችን ይጠይቃል። ቁልፉ በእርግጥ የዘፈቀደ፣ ከመልእክቱ ያላነሰ ርዝመት ያለው፣ ከሁለቱ ወገኖች በቀር ማንም ያላየው መሆን አለበት፤ ከሁሉም በላይ ሁለት ጊዜ መሠራት የለበትም። የሶቪየት ኅብረት ቁልፍ አታሚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተወሰኑ ገጾችን ደግመው በማተማቸው አንድ ቁልፍ ለሁለት መልእክት ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተጀመረውና እስከ 1980 የዘለቀው «ቬኖና» የተሰኘው የአሜሪካ ምርመራ በዚሁ ስሕተት በኩል ገብቶ፣ ሊፈቱ አይችሉም የተባሉ በርካታ የሶቪየት ቴሌግራሞችን በከፊልም ቢሆን አነበበ።

ቁልፉ ባይደገምም የሰው አያያዝ ሌላ ክፍተት ይፈጥራል። አና ቤለን ሞንቴስ በአሜሪካ የመከላከያ መረጃ ድርጅት የኩባ ጉዳይ ተንታኝ ሆና እየሠራች ለኩባ ትሰልል ነበር። መመሪያ የምትቀበለው በአጭር ሞገድ ሲሆን፣ በስፓኒሽ የሚነበቡትን ቁጥሮች ጽፋ በላፕቶፕ ኮምፒዩተር ትፈታቸው ነበር። ፋይሎቹን ፈጽማ እንድታጠፋ ታዝዛለች። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በሜይ 2001 በፍርድ ቤት ፈቃድ በድብቅ ቤቷ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሲመረምር ግን የጠፉ የመሰሉ ጽሑፎችን አገኘ። ከእነዚህ አንዱ 30107 24624 ብሎ የሚጀምር የ150 ምድቦች ዝርዝር ነበር። ያው ቁጥር በዚያው ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1999 በ7887 ኪሎ ኸርዝ «አቴንሲዮን» ብላ በጀመረች ሴት ድምፅ ተሠራጭቶ እንደነበር ተረጋገጠ። ሞንቴስ በሴፕቴምበር 2001 ተይዛ በ2002 የ25 ዓመት እሥራት ተፈረደባት፤ የተለቀቀችው በጃንዋሪ 2023 ነው። የኩባን ቁጥሮች ከአየር ላይ ማንም መቅዳት ይችል ነበር፤ ቁጥሮቹን ከአንዲት ሴት ጋር ያገናኛቸው በቤቷ የቀረው ቅጂ ነው።

በጀርመንም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 ለሩሲያ ሲሰልሉ የቆዩ ባልና ሚስት ተይዘዋል። ፖሊስ በማርቡርግ ከተማ ወደሚገኘው ቤታቸው ሲገባ ሚስቲቱ በአጭር ሞገድ መቀበያው ፊት ነበረች። ዘመኑ የኢንተርኔት ሆኖ ሳለ ዘዴው በሥራ ላይ መቆየቱ በዚህ ጉዳይ ታይቷል።

ብዙዎቹ ነባር ጣቢያዎች ዛሬ ዝም ብለዋል፤ ሁሉም ግን አልተዘጉም። ሰሜን ኮሪያ የቁጥር ሥርጭቷን እ.ኤ.አ. በ2000 ካቆመች ከ16 ዓመት በኋላ በ2016 አጋማሽ መልሳ ጀምራለች። የፒዮንግያንግ ሬዲዮ አንባቢ ለርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ የክለሳ ሥራ ነው ካለች በኋላ የገጽና የጥያቄ ቁጥሮችን ተራ በተራ አንብባለች። ሥርጭቱ በእርግጥ ለተሰማሩ ሰላዮች ይሁን ወይም ጎረቤት አገርን ለማደናገር የታሰበ ይሁን በደቡብ ኮሪያ ሲያነጋግር ቆይቷል። ቁልፉ በእጁ ለሌለ አድማጭ ሁለቱም በሬዲዮ የሚሰሙት አንድ ዓይነት ሆነው ነው።