ይተኛ ወይስ እየተመላለሰ ይታከም?
የአእምሮ ሕመም ሲበረታ ሰበካ ጉባኤና የንስሐ አባት የሚመክሩት



በአጥቢያ ከሚገኙ ምእመናን የአንዱ አእምሮ በድንገት ሲታወክ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠራው የንስሐ አባቱን ነው። ቀጥሎም ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ዳኛና የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ይሰበሰባሉ። ምክሩም ብዙ ጊዜ በሁለት ሐሳብ ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን «ገንዘብ ይዋጣና አዲስ አበባ አማኑኤል ይወሰድ» ይላል፤ ሌላው «ጠበል ይግባ፣ እስኪሻለውም በቤት ይጠበቅ» ይላል። ሁለቱም ሐሳቦች ከፍቅር የመነጩ ናቸው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያሉት በሮች ሳይንኳኩ ይቀራሉ፤ ሕመምተኛውም ወይ ሳያስፈልገው ሩቅ ይወሰዳል፣ ወይ እያስፈለገው በቤት ይዘገያል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ መታከም በተለይ የሚያስፈልገው ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሲኖር ነው። አደጋው በሌለበት ጊዜ በቅርብ ካለ የጤና ተቋም እየተመላለሱ መታከም ይበቃል፤ ለብዙዎችም ይሻላል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ግን የሕክምናው ረጅሙ ክፍል የሚፈጸመው በሕመምተኛው ቤት ነው። የሰበካው መዋጮ የሚያልቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ኪራይ ላይ ነው።

ሁለቱ መንገዶች

ተኝቶ የሚታከም ሰው ሌሊትና ቀን በባለሙያ ይጠበቃል። መድኃኒቱ በየዕለቱ እየታየ ይስተካከላል፤ ምግቡና እንቅልፉ ይከታተሉለታል፤ ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳበት ነገር ከአጠገቡ ይርቃል። በእነዚህ ቀናት ይህን ሁሉ ቤተሰብ ብቻውን ሊያደርገው አይችልም።

ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕመምተኛው ብቻውን አይሄድም፤ አስታማሚ ይከተለዋል፤ አስታማሚውም የሚያድርበትና የሚበላው ያስፈልገዋል። ጊዜው ቡና የሚለቀምበት ከሆነ የቤቱ የዓመት ገቢ አብሮ ይጎዳል። ከካፊኖኖ በቀር ሌላ ቋንቋ በሚገባ የማይናገር እናት ወይም አባት የልቡን ጭንቀት በአስተርጓሚ ለመንገር ይገደዳል። የአእምሮ ሕክምና ደግሞ ከመርፌና ከክኒን እኩል በንግግር የሚካሄድ ነው። በዚያም ላይ በአገራችን ለአእምሮ ሕሙማን የተዘጋጁ አልጋዎች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው። ሩቅ ተጉዞ የደረሰ ሁሉ አልጋ አያገኝም፤ መድኃኒት ታዝዞለት በዚያው ቀን የሚመለስ አለ።

ተመላላሽ ሕክምና ሕመምተኛው በቤቱ እያደረ በቀጠሮው ቀን ባለሙያ ዘንድ የሚቀርብበት ነው። ከቤተሰቡ፣ ከሥራውና ከቤተ ክርስቲያኑ አይለይም፤ ወጪውም ቀላል ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮች ከሌሉ አይሠራም፦ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ የታመነ ሰው፣ ቀጠሮው ሳይቋረጥ የሚያደርስ የመጓጓዣ ገንዘብ፣ እንዲሁም ሕመሙ ቢበረታ ወዲያው የሚጠራ ጎረቤት። ሦስቱንም ለማሟላት ከሰበካ ጉባኤ የተሻለ አቅም ያለው አካል በቀበሌው ብዙ የለም።

መተኛት የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች

ውሳኔው የጤና ባለሙያው ነው፤ በተቻለ መጠንም የሕመምተኛው ፈቃድ ሊጠየቅ ይገባል። ካህናትና ሽማግሌዎች ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ማድረስ የሚገባቸውን ምልክቶች ማወቅ አለባቸው።

የመጀመሪያው ራሱን የማጥፋት ሙከራ ወይም ቁርጥ ያለ ሐሳብ ነው። «ሞትን ትመኛለህን? እንዴት ብለህስ አስበሃል?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይተክልበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን አይተው፤ በቤት ያለው የፀረ ተባይ መርዝ፣ ገመድና ስለት ያለው ነገር ሁሉ ይራቅ። ሁለተኛው በጦር፣ በገጀራ ወይም በሌላ መሣሪያ ሰውን ማስፈራራት ነው። ሦስተኛው እህልና ውኃ ፈጽሞ እምቢ ማለት፣ ወይም ለተከታታይ ቀናት አለመተኛት ነው። አራተኛው የአራስ እናት ነገር ነው። ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት አእምሮዋ የታወከ፣ ለሌላው የማይሰማ ድምፅ የምትሰማ ወይም ስለ ሕፃኑ እንግዳ ነገር የምትናገር እናት ለራስዋም ለሕፃኑም አደጋ ስላለባት አንድ ቀን እንኳ ልትዘገይ አይገባም። አምስተኛው ጠጅና አረቄ ለብዙ ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት አቁሞ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠት ወይም መንፈራገጥ ሲይዘው ነው። ይህ ሕይወት ሊያሳጣ የሚችል ሁኔታ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ ቢቀባዥር፣ ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የአንገት መገተር ካለው፣ ነገሩ የአእምሮ ሕመም ላይሆን ይችላል። አንጎል ላይ የወጣ ወባ ወይም ማጅራት ገትር እንዲህ ያደርጋል። በተለይ ከጎጀብ ሸለቆና ከዴቻ ቆላማ ቀበሌዎች ለሚመጣ ሕመምተኛ በመጀመሪያ ደም መመርመር ይገባል። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ አዲስ አበባ ጭኖ መሄድም፣ ጠበል ቦታ አሰንብቶ ማቆየትም ሕይወቱን ሊያሳልፍ ይችላል።

ከቀበሌ እስከ አማኑኤል ያሉት በሮች

አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ገደማ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ በሕዝባችን አንደበት «አማኑኤል» የሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው ራሱ ስም ሆነ። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ የሚያግዝ መርሐ ግብር አውጥቷል፤ አገራችንም ተቀብላው ነርሶችንና የጤና መኮንኖችን ስታሠለጥን ቆይታለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው በር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የወረዳው ጤና ጣቢያ ነው። ሁለተኛው በር በቦንጋ የሚገኘው የገብረ ጻድቅ ሻዎ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው፤ የሰውነት ሕመም ካለም የሚለየው እዚህ ነው። ሦስተኛው በር ከቦንጋ 100 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ የሚያልፈው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ በዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍልና ለሕሙማን የሚሆኑ አልጋዎች አሉ። አማኑኤል የመጨረሻው በር ነው፤ በባለሙያ ሪፈር ሲጻፍ የሚኬድበት። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብም ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ በሪፈራል ወረቀት ካልሄደ ከመድኑ ሊያገኝ የሚገባውን ሊያጣ ይችላል።

«የጤና ጣቢያ ነርስ ይህን ከባድ ሕመም ምን ታውቃለች?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሱ ከራሳችን አገር ተገኝቷል። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን የገጠር ሰዎች ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች አንዱን ወገን በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ ሌላውን በሆስፒታል በሚሠሩ የሥነ አእምሮ ነርሶች እንዲታከም አድርገው አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት መሠረት በጤና ጣቢያ የታከሙት ከሌሎቹ የባሰ አልሆነባቸውም። ቅርበት፣ ቀጣይነት ካለው ክትትል ጋር ሲሆን፣ የርቀትን ዝና ይተካል ማለት ነው።

ጠበል፣ ጾምና ሰንሰለት

ጠበልንና መድኃኒትን ተቃራኒ አድርጎ ማየት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምም ፍርዱ ያው ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ይዞ ይግባ፤ አጥማቂው ካህንም «ክኒንህን ጣል» እንዳይለው ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ይነጋገር። መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል፤ ዳግመኛ የሚነሣ ሕመምም ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ይጠናል።

ስለ ጾም የንስሐ አባት ከባለሙያው ጋር ይመካከር። ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ሊትየም የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ያለ ውኃ ረጅም ሰዓት ቢቆይ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። የሕሙማንን ጾም ማቅለል ለካህን የተሰጠ ሥልጣን ነውና ሕመምተኛው በሕሊና ወቀሳ እንዳይጨነቅ አባት በቃሉ ሊያሳርፈው ይገባል።

ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር አብዛኛውን ጊዜ ከጭካኔ ሳይሆን ቤተሰብ ከሚጨንቀው የተነሣ የሚደረግ ነው። ቢሆንም ቁስል፣ የእግር መዛልና ውርደት ያተርፋል እንጂ አይፈውስም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሰንሰለት ሲበጥስ ይኖር የነበረው ሰው ጌታ ከፈወሰው በኋላ ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀምጦ እንደ ተገኘ፣ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹም እንደ ተላከ እናነባለን። በአጥቢያችን የታሰረ ሰው ካለ ያ ቤት የመጀመሪያው የሰበካ ጉባኤው ጉብኝት ይሁን፤ ጉብኝቱም ለቤተሰቡ የሕክምና መንገድ ይዞ የሚሄድ እንጂ ለወቀሳ የሚሄድ አይሁን።

ከተመለሰ በኋላ

ከሆስፒታል የወጣ ሰው የዳነ ይመስለናል። ነገር ግን ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ የሚልባቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሥነ ልቡና መቃወስ ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመው ሰው ምልክቶቹ ሙሉ በሙሉ ከጠፉለት በኋላ እንኳ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መድኃኒቱን እንዲቀጥል ይመክራል። ይህ አሥራ ሁለት ቀጠሮ ሊሆን ይችላል። በዝናም ጭቃ ከጌሻ ወይም ከጨታ ወደ ሕክምና ቦታ አሥራ ሁለት ጊዜ መውጣትና መመለስ ለአንድ ድኻ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለሕመምተኛ መዋጮ ሲሰበሰብ ለመሄጃው ብቻ አይታሰብ፤ ቢያንስ ለስድስት ወር የሚሆን የቀጠሮ መጓጓዣና የመድኃኒት ገንዘብ አስቀድሞ ተለይቶ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጥ። ሕመምተኛው በሚጓዝበት ጊዜ ሁለት የተረጋጉ ሰዎች አብረውት ይሂዱ፤ ቀድሞ የታከመበትን ካርድ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ፣ የጤና መድን ደብተሩንና የቀበሌ መታወቂያውን ይያዙ። ሲመለስ የሚቀጥለው ቀጠሮ የት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ በተቻለ መጠንም ክትትሉ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ቦንጋ እንዲዛወር ይለመን። ክኒን በየቀኑ መዋጥ የሚከብደው ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ገደማ የሚወጋ መርፌ መኖሩን ባለሙያውን ይጠይቁ። ሰውነቱ ከደረቀ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ ወይም እንቅልፍ ከበዛበት መድኃኒቱን ከመጣል ይልቅ ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ለባለሙያው ያሳዩ፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ይለወጣል። ጫትና አረቄ ግን ሕመሙን ይቀሰቅሳሉና የንስሐ አባት ይምከር። በዝክርና በማኅበር፣ በደቦና በቡና ለቀማ ስሙ ከመዝገቡ እንዳይፋቅ፣ አቅሙ የፈቀደለትን ሥራ እንዲሠራ ቦታ ይሰጠው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈው ደግ ሳምራዊ ለቆሰለው ሰው ያደረገው ሦስት ነገር ነው። በመንገዱ ላይ ቁስሉን አሰረለት፤ ከዚያም ወደ እንግዶች ማደሪያ አደረሰው። በማግሥቱ ግን ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ አልሄደም፤ ለቀሪዎቹ ቀናት ከፈለ፣ ተመልሶም ሊመጣ ቃል ሰጠ። ሰበካ ጉባኤዎቻችን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በትጋት ሲፈጽሙ እናያለን። ሦስተኛውን በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ በአጀንዳ ይዛችሁ፣ በአጥቢያችሁ ከሕክምና ተመልሶ በቤቱ ያለ ማን እንደሆነና የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ እንድትጀምሩ በትሕትና እንለምናለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።