ለመሆኑ መብት የሚሰጥ ነገር ነውን?

በምኖርበት በፍራንክፈርት ከተማ፣ በፌኸንሃይም ሠፈር፣ ወገኖቼ ሲጨዋወቱ ደጋግሜ የምሰማት አነጋገር አለች፤ «ጀርመን መብታችንን ሰጠችን» የምትል። ምስጋናው አይከፋኝም፤ እኔም ከምርጫ 97 በኋላ ተሰድጄ እዚህ የተጠለልኩ ነኝ። ግሡን ግን ልብ በሉልኝ፦ ሰጠች። የሰጠ ደግሞ ይነሳል።

«መብት» ራሱ የግዕዙ «መባሕት» ልጅ ነው፤ ፈቃድ፣ ሥልጣን ማለት ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ። «ሰብአዊ» ግን «ሰብእ» ከሚለው፣ ከሰው የመጣ ነው። በአንድ ሐረግ ውስጥ ሁለት የማይስማሙ ሐሳቦችን አጋብተናል፤ በተግባር ያሸነፈው የፈቃዱ ወገን ነው። (በየዕለቱ ንግግራችንማ «መብትህ ነው!» የምንለው «እንደፈለግህ ሁን፣ እኔ የለሁበትም» ለማለት ሆኗል።) አንድ ጊዜ የሰልፍ መፈክር ስናዘጋጅ አንድ ወጣት «ለሕዝባችን መብት ይሰጠው» ብሎ ጽፎ አመጣ። «ይከበርለት በለው» ብለው፣ «ጋሼ፣ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

ልዩነቱን ለማየት የ1987ቱን ሕገ መንግሥት መግለጥ ይበቃል። አንቀጽ 10 ሰብአዊ መብቶች ከሰው ልጅ ተፈጥሮ እንደሚመነጩ ይናገራል። ግሩም ነው። ምዕራፍ ሦስት ግን መብቶችን ለሁለት ይከፍላል፤ ከአንቀጽ 14 እስከ 28 «ሰብአዊ»፣ ከ29 እስከ 44 «ዴሞክራሲያዊ» ብሎ። ሐሳብን መግለጽ፣ መሰብሰብ፣ መደራጀት፣ ሌላው ቀርቶ ፍትሕ ማግኘት እንኳ ከሁለተኛው ጎራ ተመድበዋል። መናገር ከሰው ተፈጥሮ ካልመነጨ ታዲያ ከየት መነጨ? ከቀበሌ? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ድምፅ የሰጠችለት ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ እንዲህ ያለ አጥር አያውቅም።

አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ መብትን ጭራሽ የፈቃድ ሥራ አደረገው። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ስለ ሰብአዊም ሆነ ዴሞክራሲያዊ መብት እንዳይሠራ ተከለከለ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያምና ጓደኞቻቸው በ1984 ዓ.ም. የመሠረቱት ኢሰመጉ «የኢትዮጵያ» የሚለውን ከስሙ አውጥቶ «የሰብአዊ መብቶች ጉባኤ» ለመባል ተገደደ። አዋጁ በ2011 ተሻረና እሰይ አልን። ኢሰመጉ ግን በታኅሣሥ 2017 እንደገና ታገደ። የሰጠ ይነሳል ያልኩት ለዚህ ነው።

ያስጠለለችን አገርም ከዚህ ነጻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጀርመን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 የሰው ክብር አይደፈርም ይላል፤ ስለ መሰብሰብና ስለ መደራጀት ሲናገር ግን በአንቀጽ 8 እና 9 «ጀርመናውያን ሁሉ» ብሎ ይጀምራል። እኛ መጤዎች ሰልፍ የምንወጣው ዝርዝሩ ሕግ በሩን ለማንም ሰው ስለከፈተው ነው።

ወደ ራሳችን ስመለስ ግን ያሳፍረኛል። በምርጫ 97 ማግስት አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሰላማዊ ሰዎችን መገደል ሲያረጋግጥ የሟቾቹን ፎቶግራፍ ይዘን የወጣን ሁሉ፣ ስለ ሟቹ ዘር የጠየቀ አልነበረም። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲነሳና መንግሥት «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ሲለው፣ ከዚያው ሰልፈኛ ብዙው ቃሉን ተቀብሎ አስተጋባ። በ2014 ትግራውያን በአዲስ አበባ በገፍ ሲታሰሩ «ሰብአዊ» የሚለው ቃል ከአፉ ጠፋ። የአክሱምን ግፍ በየአደባባዩ ያሰማው ወገን ደግሞ ስለ ማይካድራ ሲጠየቅ ጸጥ አለ። በጥር 2016 መራዊ ላይ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ኢሰመኮ ሲገልጽ፣ የዝምታው ተራ ለሌላው ደረሰ።

መንግሥትን ሰጪና ነሺ ሆንክ ብለን የምንከሰው እኛ፣ ሰው የመባልን ፈቃድ ለፈለግነው ሰጪ፣ ላልፈለግነው ነሺ ሆነን ተገኘን። ወገኖቼ፣ በመጪው ሰልፍ የአክሱምን፣ የማይካድራንና የመራዊን ሙታን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚወጣ ማነው?