በጠባብ ቤት ውስጥ ስለ ዕቃ አቀማመጥ

ስለ ንጽሕና በተነገረ ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ውሃንና ሳሙናን ነው። ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉም ተወልውሎ ሳለ፣ የቤተ ሰቡን ጤና የሚጎዳ አደጋ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ወር ልናነሣው የፈለግነውም ጉዳይ ይኸው ነው፤ በየዕለቱ የምንገለገልባቸው ዕቃዎች በማድ ቤት ውስጥ ስለሚቀመጡበት ሥርዓት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ ከፒያሳ በስተ ጀርባ በሚገኝ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ወዳለ ቤት ገብተን ነበር። የሄድንበትም ምክንያት ሁለት ዓመት የሞላው ሕፃን ላምባ ጠጥቶ ሐኪም ቤት ስለ ተኛ፣ አደጋው እንዴት እንደ ደረሰ ለማወቅ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ከበሩ አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ አለች። በላይዋም የተከተፈ ሽንኩርት፣ ክዳን የሌለው የሽሮ ጣሳ፣ የልጆች ደብተር፣ ማበጠሪያ፣ የስልክ ገመድ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ በረኪና፣ እንዲሁም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ነበረባት። ሕፃኑ ጠማው፤ የሚያውቀውን ጠርሙስ አየ፤ እጁን ዘርግቶ ጠጣ። ጥፋቱ የሕፃኑ አይደለም፤ በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ለስላሳ እንዳለ የተማረው ከእኛው ከታላላቆቹ ነውና።

እናቲቱን ላምባው ስለ ምን በዚያ እንደ ተቀመጠ በጠየቅናት ጊዜ፣ ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ታዲያ የት ላድርገው? ቤቱን ያዩታል እኮ» አለችን።

እኛም ወዲያው ባለ መዝጊያ ቁም ሳጥን እንድትገዛ መከርናት። ይህን ምክር ያገኘነው በውጭ አገር በተማርንበት ዘመን ከመጽሐፍ ነው። ቁም ሳጥኑ በየት በኩል እንደሚቆም ግን አላሰብንበትም። በግቢው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ይህን ሰምተው፣ «ልጄ፣ ቁም ሳጥኑ ከገባ እኛ መውጣታችን ነው» አሉን። በዚያ የነበሩት ሁሉ ሣቁ፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ሣቅን፤ በልባችን ግን አፈርን። አሮጊቲቱም ወደ ላይ እያመለከቱ፣ «ግድግዳው ባዶውን ቆሞ የለም ወይ? እናቴ ወንፊቱንም ሰፌዱንም በችካል ላይ ትሰቅል ነበር» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ስንጎበኝ አስቀድመን የምንመለከተው ግድግዳውን ሆነ።

የቦታው ጥበት የአንዲት ሴት ስንፍና እንዳይደለ ማስታወስ ይገባል። አራዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ታላቅ ገበያ የነበረበት ስፍራ ነው። ገበያው በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሰፈር ተዛወረ፤ ፒያሳ የሚለውም ስም፣ ትርጉሙ አደባባይ ማለት ሲሆን፣ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ በኋላ፣ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ተብለው ተከራዩ። በእነዚህም ቤቶች ማድ ቤትንና መጸዳጃን ለብዙ ቤተ ሰብ በጋራ መጠቀም የተለመደ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል። ዳሩ ግን በኮንዶሚኒየም ቤትም ቢሆን ማድ ቤቱ ሰፊ አይደለም፤ የቆየ ልማድም ከዕቃው ጋር አብሮ ተጭኖ ይሄዳል።

የማድ ቤት ጥበት የእኛ አገር ችግር ብቻ ሆኖ አያውቅም። በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም.፣ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ከተማው ለሚሠራቸው ቤቶች የሚሆን ማድ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነበር። በባቡር ላይ ያለው ምግብ ቤት በጠባብ ቦታ ብዙ ሰው እንዴት እንደሚያስተናግድ መርምራ፣ ለስኳር፣ ለሩዝና ለመሳሰለው ሁሉ ስሙ የተጻፈበት የአሉሚኒየም መሳቢያ አደረገችለት። ይህም ማድ ቤት ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ገባ። ቦታው አልሰፋም፤ ዕቃው ግን ቦታ አገኘ።

ይሁን እንጂ ይህን ለመማር እስከ ፍራንክፈርት መሄድ አያሻንም። የቡና ሥርዓታችንን እንመልከት። በረከቦቱ ላይ ስኒው በመልክ በመልኩ ይደረደራል፤ በዚያ ላይ የላምባ ጠርሙስ የሚያኖር ማንም የለም። መሶባችንም እግርና ክዳን ያለው ነው፤ እንጀራውን ከመሬት ያርቀዋል፤ ከዝንብም ይጋርደዋል። እንግዲህ የጎደለን ዕውቀት አይደለም፤ ለረከቦቱና ለመሶቡ የሰጠነውን ክብር ለቀረው ዕቃ መንፈጋችን ነው።

ዕቃ የተከመረበት ጠረጴዛ አይወለወልም። ባልተወለወለውም ስፍራ ፍርፋሪና እርጥበት ይቀራል፤ ዝንብና በረሮ በዚያ ይሰበሰባሉ፤ ከመጸዳጃ ያነሡትንም ረቂቅ ተሐዋስያን በእግራቸው ይዘው ወደ ምግባችን ያደርሱታል። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በተነሣ ጊዜ፣ ይህን መሰሉ ሕመም ከውሃና ከምግብ ንጽሕና ጉድለት እንደሚመጣ ሁላችንም ተምረናል። ስለዚህ የሚከተለውን ሥርዓት ለአንባብያን እናቀርባለን።

1ኛ፤ ጠረጴዛው የሥራ ስፍራ እንጂ የዕቃ ማከማቻ አይሁን። ምግብ ከመሰናዳቱ በፊት ባዶ ይደረግ፤ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ በንጹሕ ጨርቅም ይድረቅ። ደብተር፣ ማበጠሪያና የስልክ ገመድ ከማድ ቤት ይውጡ።

2ኛ፤ ግድግዳው ይሥራ። ጭልፋና ወንፊት በምስማር ይሰቀሉ። አንዲት ሳንቃ በሁለት ደጋፊ ብትመታ የቁም ሳጥንን ሥራ ትሠራለች። በየዕለቱ የሚፈለገው በእጅ አቅራቢያ፣ በዓመት በዓል ብቻ የሚፈለገው ከላይ ይሁን።

3ኛ፤ ላምባ፣ በረኪና፣ የተባይ ማጥፊያና መድኃኒት ከሁሉ በላይ፣ ሕፃን ወንበር ላይ ቢወጣ እንኳ በማይደርስበት ስፍራ፣ የሚቻልም ሲሆን ተቆልፎባቸው ይቀመጡ። በመጠጥ ጠርሙስ ከቶ አይቀዱ። የላምባ ምድጃም ባለበት ዙሪያ ጨርቅ፣ ወረቀትና ፕላስቲክ አይኑር።

4ኛ፤ ጥሬ ሥጋና ዶሮ የሚከተፍበት መክተፊያ ሰላጣና ዳቦ ከሚቆረጥበት የተለየ ይሁን። የበሰለ ምግብ ከድኖ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፣ ከ2 ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት ማደር የለበትም፤ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሙቅ፣ ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ።

5ኛ፤ የውሃ ጀሪካንና ባልዲ ክዳን ይኑራቸው፤ ከወለልም ከፍ ይበሉ። መቅጃው ባለ እጀታ ሆኖ በራሱ ምስማር ይሰቀል። ሽሮና በርበሬ በደረቅና ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጡ፤ እርጥበት ሻጋታን ይወልዳልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አደጋ ቢደርስ፣ ላምባ ወይም በረኪና የጠጣን ሕፃን ለማስመለስ ከቶ አይሞከር። ወተት አጠጥቶ ወይም ጣት ከጉሮሮ ከትቶ ማስመለስ በብዙ ቤት ይደረጋል፤ ሆኖም ላምባ በሚመለስበት ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ብርቱ ሕመም ያመጣል፤ በረኪናም ሲመለስ ጉሮሮን ዳግመኛ ይጎዳል። ሕፃኑን ከነጠርሙሱ ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ቢያስለው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው፣ አንዲት ደቂቃም ማባከን አይገባም።

ክቡራን መምህራን ሆይ፤ በዚህ ረገድ የእናንተ እርዳታ ታላቅ ነው። ተማሪዎቻችሁ ዛሬ ማታ በየቤታቸው ያሉትን ጠርሙሶች ቆጥረው፣ በላዩ ከተጻፈው ሌላ ነገር የያዘ ጠርሙስ ቢያገኙ ሳይከፍቱና ሳይነኩ ለወላጆቻቸው እንዲያሳዩ ብታዝዟቸው፣ እኛ በዓመት ተዘዋውረን የማናዳርሰውን ቤት እናንተ በአንዲት ሌሊት ታዳርሳላችሁ።

ያ ሕፃን ሳንባው ታሞ ጥቂት ቀን በሐኪም ቤት ከቆየ በኋላ ድኖ ወጣ። ዕድሉ ሆኖ የጠጣው ጥቂት ነበር። ከወር በኋላ ወደዚያው ቤት ተመልሰን ነበር። ከበሩ በላይ አንዲት ሳንቃ ተመትታለች፤ ላምባው በራሱ ጀሪካን ሆኖ፣ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበት በዚያ ተቀምጧል። ጽሑፉ የታላቅ እኅቱ እጅ ጽሑፍ ነው። ጠረጴዛዋ ባዶ ነበረች፤ ልጅቱም በላይዋ ደብተሯን ዘርግታ ታጠና ነበር። እናትየዋ ወጥ ለመሥራት ስትነሣ፣ ልጅቱ ሳትታዘዝ ደብተሯን አነሣች።

ታሞ ከመማቀቅ፣ አስቀድሞ መጠንቀቅ።