ጉሮሮን በንባብ መመርመር

ሐኪም ዓይንን ለመመርመር ፊደል እንደሚያስነብብ ሁላችንም እናውቃለን። ጉሮሮንም ለመመርመር ጽሑፍ እንደሚያስነብብ ግን ብዙዎቻችን የሰማን አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ሲሆን፣ ምሳሌ የማደርገው የቻይናን ዋና ቋንቋ ማንዳሪንን ነው፤ በዚያ ቋንቋ ነገሩ እጅግ ይጠላለፋልና።

በማንቁርታችን ውስጥ የድምፅ አውታሮች የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የሥጋ እጥፋቶች አሉ። ከሳምባ የሚወጣው አየር ሲገፋቸው ይርገበገባሉ፤ በወንድ ጉሮሮ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት ጉሮሮ 200 ጊዜ ያህል። ብዙ ከመጮኽ የተነሣ እንደ መጅ ያለ እብጠት ቢያወጡ፣ ወይም አንደኛው ሽባ ቢሆን፣ መርገብገባቸው ይዛባና ድምፁ ይሻክራል፤ ወይም ትንፋሽ ይበዛበታል። አልፎ አልፎም መጎርነን የነቀርሳ የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። ይህ ችግር በሥራቸው ብዙ የሚናገሩትን ሰዎች፣ ይልቁንም መምህራንን ያጠቃል። (መምህሮቻችን ይህን ሲያነቡ ወደ ኋላው ወንበር ዘወር ብለው እንደሚመለከቱ አልጠራጠርም።)

የራሱን የድምፅ አውታሮች በመስተዋት አይቶ የጻፈው ስፓኛዊው የዘፈን መምህር ማኑኤል ጋርሲያ ነው፤ ጽሑፉም በ1855 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ቀረበ። ዛሬ ሐኪሞች በካሜራ ያያሉ። ይሁን እንጂ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ አውታሮቹ ሥራ ላይ ሳሉ መስማትም ያስፈልጋል። ስለዚህ ታማሚው መጀመሪያ «ኣ» ብሎ ድምፁን ያስረዝማል፤ ቀጥሎ ያነባል። ሰው ቀኑን ሙሉ «ኣ» ሲል አይውልምና፣ በ«ኣ» ያልታየው ጉድለት በንባብ ሊታይ ይችላል።

መርማሪው እየሰማ ነጥብ ይሰጣል። ጃፓኖች ባወጡት ሚዛን የድምፁ ጠቅላላ ጉድለት፣ ሻካራነቱ፣ የትንፋሹ መብዛት፣ ድካሙና መጨናነቁ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ይመዘናሉ። አሜሪካውያን ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. በፒትስበርግ ከተማ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ምርመራ ተዘጋጀ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱ ሥራ አለው፤ ለምሳሌ አንደኛው ጉሮሮን ሳያቋርጡ በሚያነዝሩ ድምፆች ብቻ የተሠራ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ አድርገው «ዝዝዝ»፣ ቀጥለውም «ስስስ» ይበሉ። በመጀመሪያው ይነዝራል፤ በሁለተኛው ዝም ይላል።

ታዲያ ይህ ዓረፍተ ነገር ወደ ማንዳሪን ቢተረጎም ያገለግላልን? አያገለግልም። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ብ፣ ድ፣ ግ ያነዝራሉ፤ በማንዳሪን ግን ለጆሯችን ብ፣ ድ፣ ግ የሚመስሉት ድምፆች በቃል መጀመሪያ ሲነገሩ አውታሮቹ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ም፣ ን፣ ልንና ርን ከመሳሰሉት ጥቂት ድምፆች አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት ግድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዜማው ነው። በማንዳሪን «ማ» ከፍ ብሎ ሲዘረጋ እናት፣ ሽቅብ ሲወጣ የቃጫ ተክል፣ ዝቅ ብሎ ሲጎብጥ ፈረስ፣ ቁልቁል ሲወድቅ መሳደብ ማለት ነው። የኛ «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» እንደምንለው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ በማጥበቅ ፋንታ በድምፅ ከፍታ መደረጉ ነው። (ባገራችንም የቤንች ቋንቋ አምስት ከፍታዎችን ይለያል።)

በሦስተኛው ዜማ፣ ማለት በፈረሱ፣ ድምፁ እስከ ተናጋሪው የመጨረሻ ወለል ድረስ ይወርዳል። አውታሮቹ በዚያን ጊዜ ቀስ ብለው ያለ ሥርዓት ስለሚርገበገቡ፣ ከጤነኛ ጉሮሮ እንኳ ብዙ ጊዜ እንደ ሽሮ ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቋንቋውን የማያውቅ መርማሪ ይህን «ሻካራ» ብሎ ቢመዝን ጤነኛውን ታማሚ አደረገው። የተገላቢጦሹም አለ፤ «የዜማው ጠባይ ነው» ተብሎ የታለፈው ሻካራነት እውነተኛ ሕመም ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ስሕተት የከፋ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ የመጀመሪያው ሰው ሌላ ሐኪም አይቶ ይረጋጋል፣ ሁለተኛው ግን እብጠቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳልና።

ስለዚህ በሚነበበው ጽሑፍ ውስጥ አራቱም ዜማዎች በበቂ ቍጥር መግባት አለባቸው። ሻካራነቱ ተዘርግቶ በሚቆየው በአንደኛው ዜማም ከተሰማ ጥርጣሬው ይበረታል። መቍጠሩ ራሱ ቀላል አይደለም። የቻይና ጽሕፈት ዜማን አያሳይም፤ በዚያም ላይ ሁለት ሦስተኛ ዜማዎች ሲከታተሉ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ይለወጣል። «ኒ ሃው» በሚለው ሰላምታ ሁለቱም ቃላት በመዝገበ ቃላት ሦስተኛ ናቸው፤ በአፍ ግን «ኒ» ሽቅብ ይወጣል። በወረቀት ብቻ የቈጠረ ሰው ሒሳቡ ይበላሽበታል።

የኤዞፕ ተረት የሆነው «የሰሜን ነፋስና ፀሐይ» በማንዳሪንም ይነበባል። የድምፅ ሊቃውንት የየቋንቋውን አነጋገር ለማሳየት ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ነገር ግን የታመመን ጉሮሮ ለመፈተን ታስቦ የተጻፈ አይደለም።

ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ደግሞ መርማሪው ዓረፍተ ነገሩን እየተናገረ ያስደግማቸዋል፤ ወይም ሥዕል አሳይቶ የሚያዩትን እንዲነግሩት ይጠይቃቸዋል። አፋቸውን በካንቶንኛ የፈቱ ሰዎችም ማንዳሪንን ሲያነቡ የገዛ ቋንቋቸውን ዜማ ሊቀላቅሉበት ስለሚችሉ፣ መርማሪው ነጥቡን ከመጻፉ በፊት አስቀድሞ የተወለዱበትን አገር ይጠይቃል።