ያልተሰመረው ወሰን፤ ከጁባ እስከ አቢዬ

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በነጭ ዓባይ ዳር በተቆረቆረችው በጁባ ከተማ የአዲሲቱ ደቡብ ሱዳን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ አገሪቱ በሰሜን በኩል የት ላይ እንደምታበቃ ቁርጥ አድርጎ ሊናገር የሚችል ባለሥልጣን በጁባም ሆነ በካርቱም አልነበረም። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በናይሮቢ የተፈረመው የሰላም ስምምነት፣ ወሰኑ ሱዳን ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ በወጣችበት ዕለት፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. የነበረው እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ይሁን እንጂ ያ መሥመር በአንድ መንግሥት ሥር የነበሩ ጠቅላይ ግዛቶችን የሚለይ የአስተዳደር መሥመር እንጂ የሁለት አገሮች ድንበር አልነበረም። 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ርዝመቱ ላይ ችካል አልተተከለም።

ክርክሩ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የእንግሊዝ ሹማምንት መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዘጠኙ የንጎክ ዲንቃ ባላባትነቶች ከነሕዝባቸው ወደ ኮርዶፋን ተዛወሩ፤ የአቢዬ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1924 ደግሞ ሁለት የእንግሊዝ ሹማምንት፣ አንዱ የዳርፉር ሌላው የባሕር ኤል ጋዛል፣ ተስማምተው ከኪር ወንዝ በስተደቡብ 14 ማይል ስፋት ያለውን መሬት ለሪዘይጋት ከብት አርቢዎች ለቀቁ። የማሉዋል ዲንቃዎች ይህን ከቶ ተቀብለውት አያውቁም። ዓረቦቹ ባሕር ኤል ዓረብ፣ ዲንቃዎቹ ኪር የሚሉት ወንዝ አንድ ነው፤ በበጋ የሪዘይጋትና የሚሴሪያ ከብት ውኃና ሣር ፍለጋ ወደዚያው ይወርዳል። እንግዲህ ለከብቱ ማለፊያ የሆነውን መሬት ወታደር ምሽግ ሲቆፍርበት ምን እንደሚከተል ለማንም የሚሰወር አይደለም።

የከፋው ጊዜ የመጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ደቡቡ ከነዳጁ ሦስት አራተኛውን ይዞ ሲወጣ ቧንቧውና ወደቡ በሰሜን ቀሩ። በማስተላለፊያ ኪራይ ስላልተስማሙ በዚያው ዓመት በጥር ወር የጁባ መንግሥት ከገቢው 98 በመቶውን የሚያገኝበትን ጉድጓድ በገዛ እጁ ዘጋ። ጎረቤቱን ለመጉዳት የራስን ምድጃ ማጥፋት ይሉታል ይህ ነው። ሚያዝያ 2 ቀን የደቡቡ ጦር ዲንቃዎች ፓንቶው የሚሉትን፣ ሱዳን ከቀራት የነዳጅ ምርት ግማሽ ያህሉ ይወጣበት የነበረውን ሄግሊግን ያዘ። የሄጉ የግልግል ፍርድ ቤት በ2001 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ሄግሊግን ከአቢዬ ክልል ውጭ ቢያደርገውም፣ የየትኛው አገር እንደሆነ ግን አልወሰነም ነበርና ሁለቱም ወገኖች ፍርዱን ለየራሳቸው ይተረጉሙት ነበር። ደቡቡ ሚያዝያ 12 ቀን ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ሚያዝያ 24 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት ቁጥር 2046 በሆነው ውሳኔው ሁለቱ ወገኖች ተኩስ አቁመው ወደ ድርድር እንዲመለሱ አዘዘ።

የድርድሩ ቦታ አዲስ አበባ ነበር። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ያበቃው ስምምነትም በ1964 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ተፈርሟል። በአፍሪካ ኅብረት በኩል ሸምጋዮቹ የቀድሞዎቹ ፕሬዚዳንቶች ታቦ ምቤኪ፣ አብዱልሰላሚ አቡበከርና ፒየር ቡዮያ ነበሩ። ኦማር አልበሽርና ሳልቫ ኪር ለአጭር ጊዜ ታስቦ በተጠራው ስብሰባ ለቀናት ተቀምጠው፣ በመጨረሻ በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 2005 ዓ.ም. ፈረሙ። የነዳጁ ኪራይ እንደየቧንቧው በበርሜል ከ9 እስከ 11 ዶላር ተቆረጠ፤ በተጨማሪም ደቡቡ በየበርሜሉ 15 ዶላር እየከፈለ በድምሩ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለሰሜኑ እንዲሰጥ ተወሰነ። የአንዱ አገር ዜጋ በሌላው አገር የመኖር፣ የመዘዋወር፣ የመሥራትና ንብረት የማፍራት መብቱም በጽሑፍ ሰፈረ።

ለወታደሩ የሚበልጠው ግን የጸጥታው ስምምነት ነበር። ከአንድ ማዕከላዊ መሥመር ግራና ቀኝ 10፣ 10 ኪሎ ሜትር ከጦር ነጻ ቀጣና ይሆናል፤ የ14 ማይሉ መሬት በሙሉ ከጦር ይጸዳል። የሽማግሌዎቹ ብልሃት የታየው እዚህ ላይ ነው። መሥመሩ ጦርን ለማራራቅ ብቻ የተሰመረ እንጂ ወሰኑን የማይወስን ነው ብለው በመጻፋቸው፣ የመሬቱን ክርክር ሳይነኩ አፈሙዞቹን ለማራራቅ ቻሉ። ድክመቱም ከዚያው ከብልሃቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ አከራካሪዎቹ ቦታዎችና አቢዬ ራሷ ለሌላ ቀን ተላለፉ። መጋቢት 3 ቀን 2005 ዓ.ም. የአፈጻጸሙ የጊዜ ሰሌዳ ተፈረመ። ሚያዝያ 4 ቀን አልበሽር ጁባ ገቡ፤ በዚያው ሰሞን ነዳጁም እንደገና መፍሰስ ጀመረ።

በአቢዬ ግን ሁኔታው ሌላ ነበር። ሰኔ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ስምምነት መሠረት ሥፍራውን እንዲጠብቅ የተላከው 4,200 ወታደር የተፈቀደለት ኃይል የተውጣጣው ከአንድ አገር፣ ከኢትዮጵያ ነበር፤ የመጀመሪያው አዛዡም ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ሌላ ጦር ማግኘት አዳጋች ሆኖ ነበርና ይህ አደራ ቀላል አልነበረም። ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ የንጎክ ዲንቃዎች ዋና ባላባት ኩዎል ዴንግ ኩዎል በኢትዮጵያውያኑ ታጅበው ሲጓዙ በታጠቁ ሚሴሪያዎች ተገደሉ፤ ከአጃቢዎቻቸውም መካከል ሕይወቱን የሰጠ ነበር። አገር ቤት ቤተሰቡ ለፋሲካ በሚሰናዳበት ሰዓት ማለት ነው። ምቤኪ ያቀረቡት የአቢዬ ሕዝበ ውሳኔ ካርቱም ባለመስማማቷ ሳይደረግ ቀረ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ንጎኮቹ ለብቻቸው ድምፅ ሰጥተው ከደቡብ ጋር መሆንን ቢመርጡም፣ ውጤቱን ጁባም ካርቱምም አልተቀበሉትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንግሥታት ተራ በተራ የየራሳቸው እሳት ለበለባቸው። ጁባ በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስትገባ በ2010 ዓ.ም. አስታራቂ ሆና የቀረበችው ካርቱም ነበረች። መስከረም 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መንግሥትና ከአማፂዎቹ ከፊሉ የሰላም ውላቸውን የፈረሙት በጁባ ነው። በሄግሊግ የተታኮሱት ባላንጣዎች አንዱ የሌላው ሽማግሌ ሆኑ፤ ወሰኑ ግን እንደነበረ ቀረ። የኢትዮጵያ ጦርም በአል ፋሽጋ መሬትና በዓባይ ግድብ ምክንያት አዲስ አበባና ካርቱም ከተቃቃሩ በኋላ በሱዳን ጥያቄ ከአቢዬ ወጥቶ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቦታው በሌሎች አገሮች ወታደሮች ተተካ። የሰው ወሰን ሲጠብቅ የቆየ ጦር በራሱ ወሰን ጠብ ምክንያት መሰናበቱ የሚያስገርም ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሕዝቡ ወደ ደቡብ ጎረፈ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ሰው ደቡብ ሱዳን የገባ ሲሆን፣ አብዛኛው የተሻገረው ከሬንክ በስተሰሜን ባለው በጆዳ ኬላ በኩል ነው። ጆዳ በድርድሩ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት አከራካሪ ቦታዎች አንዷ ናት። የተሻገሩት ብዙዎቹ ራሳቸው ደቡብ ሱዳናውያን ሲሆኑ፣ የገዛ አገራቸውን ጦርነት ሸሽተው ወደ ሰሜን የሄዱበትን መንገድ ጓዛቸውን ተሸክመው በእግርና በጭነት መኪና ተመለሱበት።