በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ስለሚሄደው እግረኛና ስለ ቢስክሌት

ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ በኩል 330 ኪሎሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ የደረሰ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚተመውን እግረኛ ነው። ተማሪው ደብተሩን ይዞ፣ ገበያተኛዋ ሸክሟን አዝላ፣ ሽማግሌው በከዘራው ተደግፎ ይሄዳል። ነገር ግን የጊምቢና የአሶሳ፣ የበደሌ፣ እንዲሁም ዓባይን ተሻግሮ የሚሄደው የቡሬ መንገድ የሚገናኙት በነቀምቴ ስለ ሆነ፣ ሕፃኑና የጭነቱ ካሚዮን በአንድ ጎዳና ይጋፋሉ። በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን መኳንንቱ በበቅሎ፣ ሕዝቡ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ የበቅሎን ርግጫ ግን መሸሽ ይቻል ነበር።

ነገሩን የመረመሩ ሊቃውንት በአዲስ አበባ ከሚደረገው የዕለት ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑን አሳይተዋል። ዋናው ከተማ እንዲህ ከሆነ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የእግረኛው ድርሻ ከዚህ ያንሳል ብሎ የሚያስብ አይገኝም። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በ2012 ዓ.ም. ስለ ሞተር አልባ ትራንስፖርት የዐሥር ዓመት ስልት አውጥቷል። ስሙ ለጆሮ ይከብዳል እንጂ ትርጓሜው ቀላል ነው፤ ይኸውም በእግርና በቢስክሌት የሚሄድ ሰው በጎዳናው ላይ የራሱ ስፍራ ይኑረው ማለት ነው።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ምድራቸው ሜዳ ስለ ሆነ ቢስክሌትን ከለመዱት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ነቀምቴ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ኮረብታማ ስፍራ የተሠራች፣ ክረምቷም ዝናበ ብዙ በመሆኑ፣ የባሕር ዳር ምክር እንዳለ አይስማማትም። ማርሽ ያለው ቢስክሌት ዳገቱን ያቀልላል። ሆኖም እንደ እኛ አሳብ የሚቀድመው ከጎርፉ መውረጃ ከፍ ያለና ያልተቋረጠ የእግረኛ መንገድ ነው፤ ጭቃውን የሸሸ እግረኛ ወደ አስፋልቱ መካከል ይወጣልና።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ የመኪኖች አማካይ ፍጥነት በመቶ አንድ ሲጨምር የሚገድል አደጋ የመድረሱ ነገር በመቶ አራት ይጨምራል። ስለዚህ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ሰፈር ከ30 ኪሎሜትር በሰዓት የሚበልጥ ፍጥነት እንዳይፈቀድ ይመክራል። ይኸው ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ያንቀሳቅስ ይላል፤ በእግሩ ትምህርት ቤት ደርሶ የሚመለስ ልጅ ከዚህ አንዱን ክፍል በመንገድ ላይ ይፈጽመዋል። የቤት አባቶችና እናቶች ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ልጃቸውን በባጃጅ የሚልኩት ካሚዮኑን ፈርተው ነው፤ ባጃጁ በበዛ ቁጥር ደግሞ በእግሩ የቀረው የጎረቤት ልጅ የባሰውን ይፈራል።

በ1999 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በነቀምቴ ስለሚገኝ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ረዳት አያጣም። አንድ የገበያ ቀንና አንድ የትምህርት ቀን መርጦ፣ ተማሪዎችን በየመስቀለኛው መንገድ አቁሞ፣ በየሰዓቱ ስንት እግረኛ፣ ስንት ቢስክሌትና ስንት መኪና እንደሚያልፍ ማስቈጠር ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት ነው፤ የመንገዱም በጀት ሲደለደል ቍጥሩ በጠረጴዛው ላይ ይገኛል።