ትንሿ መኪና መጓጓዣ ናት ወይስ የገንዘብ ማስቀመጫ?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ ከቤቴል እስከ ካራ ቆሬ ባሉት ሰፈሮች ጠዋት ጠዋት ከየግቢው ከሚወጡት የቤት መኪኖች መካከል ትንንሾቹ በርከት ይላሉ። ቶዮታ ቪትዝና ያሪስ፣ ሱዙኪ አልቶ፣ ሊፋን 320 ይታያሉ። ብዙዎቹ ከተሠሩ አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። የዚህ ዕድሜ መኪና በተሠራበት አገር ቁርጥራጭ ብረት ለሚሰበስብ ነጋዴ ለመሰጠት የተቃረበ ነው። እዚህ ግን ለደህናዋ ቪትዝ ከሚሊዮን ብር በላይ ይጠየቃል። የታክሲ ሰልፍ የሰለቸው ደመወዝተኛም ሆነ መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ ዕቁብ ሲወጣለት ቀድማ የምትታየው እርሷ ናት። የቤተሰብ ጥሪት በሙሉ በአንድ ቀን ለደላላና ለሻጭ ከመቆጠሩ በፊት ግን በገንዘቡ የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ይገባል።

ዋጋው ለምን አይወርድም?

ማንኛውም መኪና ከተነዳበት ዕለት ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። የሒሳብ ሰዎች የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ይህንኑ ነው። በአዲስ አበባ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በጥቂት መቶ ሺህ ብር የተገዛች ቪትዝ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ተነድታ፣ ዛሬ በብር ሲቆጠር ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ትሸጣለች። ምክንያቱ መኪናዋ ውስጥ አይገኝም። በጉምሩክ በርና በብሩ የመግዛት አቅም ላይ ነው የሚገኘው።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናዎችን በሞተር ጉልበት ከፍሎ እስከ 1300 ሲሲ ላለው 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። ሕዝቡ ወደ ትንሽ ሞተር ያዘነበለው ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ታክሱም እየገፋው ነበር። የቪትዝ ትልቁ የተለመደ ሞተር 1298 ሲሲ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ለምን ተፈላጊ እንደሆነ አይጠፋውም።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። እስከ 1300 ሲሲ ባለው አዲስ መኪና ላይ የነበረው ታክስ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ግን እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ተጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ማድረግ ነበር። ውጤቱ ቀድሞ የገባችውን አሮጌ መኪና ባለቤት መጥቀም ሆነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው ሸቀጦች መካከል የቤት አውቶሞቢል አንዱ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። በሩ በተጠበበ ቁጥር፣ ብሩም በወረደ ቁጥር ውስጥ ያለችው መኪና ዋጋዋ ከፍ አለ።

በዚህ የተነሳ መኪና ገንዘብ የሚቀመጥባት ሣጥን ሆነች። ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ገንዘቡን በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየወሩ ይከስር ነበር። ቪትዝ የገዛው ከዚያ አመለጠ። ይሁን እንጂ “አተረፍኩ” የሚለው ባለመኪና መኪናውን ሸጦ ሌላ ሊገዛ ሲወጣ ትርፉን አያገኘውም፤ የምትገዛዋም እንደዚያው ተወድዳለችና።

የወር ሒሳቡ

እንበልና አንድ የአየር ጤና ነዋሪ 1.2 ሚሊዮን ብር ከፈለ። ወደ መሐል ከተማ ደርሶ መልስ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ሌላው ጉዳይ ተጨምሮ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በ26 የሥራ ቀናት 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጤነኛ ሞተር ያላት ቪትዝ በከተማው መጨናነቅ ውስጥ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ቢባል 60 ሊትር ቤንዚን ትፈልጋለች። ሊትሩ በ130 ብር ሲታሰብ 7,800 ብር ነው። ለዘይት፣ ለፊልትሮ፣ ለጎማ፣ ለፌሮዶ፣ ለኢንሹራንስና ለቦሎ የሚወጣው ለወር ተካፍሎ 5,000 ብር ቢያዝ 12,800 ብር ይደርሳል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያስላል። የሚረሳው የራሱ የ1.2 ሚሊዮኑ ኪራይ ነው። ገንዘቡ በ7 በመቶ ቢቀመጥ በዓመት 84,000፣ በወር 7,000 ብር ያስገኝ ነበር። ይህ ሲደመር ወጪው በወር 19,800 ብር፣ በሥራ ቀን 760 ብር ገደማ ይሆናል። ብቻውን ለሚመላለስ ሰው ይህ ብዙ ነው። ሚኒባስ ይዞ ጦር ኃይሎች ድረስ፣ ከዚያም በባቡር የሚሄድ ሰው የዚህን ጥቂት እጅ ነው የሚያወጣው፤ ሲመሽበት ወይም ዝናብ ሲጥል ራይድ ወይም ፈረስ ቢጠራ እንኳ ገንዘቡ ይተርፈዋል። አራት ሆነው በየቀኑ በሁለት አቅጣጫ ለሚንቀሳቀሱ ቤተሰቦች፣ ወይም ጠዋት ዕቃ ጭኖ መርካቶ ለሚወርድ ነጋዴ ግን ሒሳቡ ሊቀራረብ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚገዛው መጓጓዣ ነው፤ ቢገዛ አይነቀፍም።

“ዋጋዋ ስለሚጨምር ኪራዩ ይካካሳል” ብሎ የሚገዛው ግን ወደፊትም ይጨምራል ብሎ መወራረዱን ይወቅ። ቤንዚን መኪና ማስገባት መከልከሉ ውርርዱን ይደግፋል። የሚቃወመውም አለ። የነዳጅ ድጎማ ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቶ በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ሊትር ከመቶ ብር አልፏል። የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው ተገጣጥመው ሲመጡ በ15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲገቡ መፈቀዱን ተከትሎ እንደ ቢ ዋይ ዲ ሲጋል ያሉት ትንንሾቹ በከተማው መታየት ጀምረዋል። የእነርሱ ዋጋ ወደ ቪትዝ በቀረበ ቁጥር የሃያ ዓመት መኪና በውድ የሚገዛ ሰው ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል፣ ባትሪውስ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚሉት ጥያቄዎች ገዢውን ለጊዜው ያዘገዩት ይሆናል፤ ለሁልጊዜ ግን አያቆሙትም።

ዳገቱና ሞተሩ

ለኮልፌ ነዋሪ ከዋጋው ሌላ የመልክዓ ምድሩ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በወረቀት ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው የቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተር እዚህ ሃምሳ ጥቂት ብቻ ነው የሚሰጠው። 800 ሲሲዋ አልቶማ ከዚህም ታንሳለች። ከቀለበት መንገዱ ወጥቶ ኮብልስቶን ዳገት ላለበት መንደር፣ አምስት ሰው ለሚጭን ቤተሰብ፣ 1.3 ሊትሩ ጥቂት ቢወደድም ይሻላል። ደካማ ሞተር ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲጮህ ፍሪሲዮኑን ይበላል፣ ቤንዚኑንም አይቆጥብም።

ቪትዝ በጃፓን የወጣችው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን በአውሮፓ ያሪስ ተብላ ከ2001 ጀምሮ በፈረንሳይም ተሠርታለች። ጃፓን መሪው በቀኝ ነውና ከዚያ የመጣችው መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ መሆኑንና ሥራው በደንብ የተሠራ መሆኑን የሚያውቅ ሜካኒክ ከሥር ገብቶ ይይላት። ዕቃ ሲፈለግ ሱማሌ ተራ ሄዶ የትኛዋ እንደሆነች መንገር ስለሚጠይቅም ይህን ማወቁ ይጠቅማል። ለቪትዝ የማይገኝ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ሊፋን የሚገዛ ግን አስቀድሞ ዕቃውን ጠይቆ ቢገዛ ነው የሚመከረው።

መኪናዋ የምትታየው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሻጩ አስነስቶ ቢጠብቅ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደምትበላ፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስና የሚጎድል የራዲያተር ውኃ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ እንደተነካ ይናገራሉ። ኪሎ ሜትሩን ማመን የለም፤ የፔዳሉ ጎማና የመሪው መዳፍ ከቆጣሪው የበለጠ እውነት ይነግራሉ። የጋራዡን ምርመራ ገዢው በመረጠው ሜካኒክ ያስደርግ እንጂ ደላላው በሚያውቀው ቤት አይሁን።

የወረቀቱ ነገር ከሞተሩ አያንስም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆኑን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ አለመኖሩን፣ ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን መዝገቡ ካለበት መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሞተር ተቀይሮ ከሆነም ለውጡ በሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባለቤቱ ፊርማም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚነሳው ውክልና በያዘ ሰው ከተሸጡ መኪናዎች ነው፤ ውክልናው መሸጥን የሚጨምርና ያልተሻረ መሆኑ ሳይጣራ ብር አይቆጠርም።

ክፍያውን በተመለከተ ቀብዱ ትንሽ ቢሆን፣ ቀሪውም ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ በሚፈረምበት ዕለት በባንክ ቢተላለፍ ገዢው ማስረጃ ይኖረዋል። የስም ማዞሪያውን፣ የስታምፕ ቀረጡንና የደላላውን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ከመፈራረም በፊት መስማማት ይገባል። ካለው ገንዘብም ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ለመጀመሪያው የጋራዥ ወጪ ማስቀረት ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት የተነዳች መኪና አዲስ ባለቤት ባገኘች በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ፣ አሞርዛተርና ባትሪ መጠየቋ የተለመደ ነውና ይህን ማስቀረት ያልቻለ ሰው በዋጋው ላይ ተጨማሪ ቅናሽ ይጠይቅ፤ ካልተቀነሰለት ሌላ ይፈልግ።